በሚስቴ ጉልበት ቀናሁ

ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በወንድሙ ሹመት ይቀናል፤ ያ ያለ ነው። እኔ በሰባ አንድ ዓመቴ የቀናሁት በገዛ ሚስቴ ጤና ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ምን ብዬ ልናገረው? ሚስቴ ደህና ሆነችብኝ ብሎ ስሞታ የሚያቀርብ ወንድ የት አለ? ግን እውነቱ ይኼው ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሸራ ጫማዋን አስራ፣ እኔን ላለመቀስቀስ በሩን ቀስ አድርጋ ስትዘጋው፣ እኔ ነቅቼ ጣሪያውን እያየሁ እርር ድብን እል ነበር።

የምንኖረው አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው፤ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ። ሠላሳ አራት ዓመት በባቡሩ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። ሙያዬ ፍሬን ነበር። የባቡር ፍሬን በአየር ግፊት ነው የሚሠራው፤ የግፊቱን መለኪያ ማንበብ፣ መፈተሽ፣ የተሳሳተውን ማስተካከል የኔ ሥራ ነበር። የድሮው ባቡር ቆመ። አዲሱ በሩቅ ያልፋል፤ አያውቀንም፣ አናውቀውም። እኛ ጡረተኞቹ ግን ከጣቢያው አልተለየንም። ከግንቡ ሥር፣ ከኒሟ ዛፍ ጥላ፣ አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ጠዋትም ከሰዓትም እዚያው ነን። ሰባት ነበርን። አሁን ሦስት ቀርተናል።

የአራቱ ሟቾች ሚስቶች ግን አሉ። አራቱም! ሁለቱ ነጠላቸውን፣ ሁለቱ ሂጃባቸውን አድርገው፣ ባለቤቴን መሃል አስገብተው በየማለዳው የድሮውን ሐዲድ ይዘው ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳሉ። ወንዙን ቁልቁል አይተው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ሳቃቸው ከነሱ ቀድሞ ይደርሳል። አራት ባልቴቶችና አንዲት ባለትዳር ናቸው። ለኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነበር፤ አምስት ባልቴቶች። እኔ አፈር ገብቼ፣ እሷ በዚያው ሐዲድ ላይ እንዲያው እየሳቀች ስትሄድ ይታየኛል። የቀናሁት እኔ ከሞትኩ በኋላ በምትኖረው ኑሮ ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ሄጄ እጣላዋለሁ። ከዚህ ጋር ግን ማንን ይዤ ልጣላ?

የሚገርመው፣ ሕመም ይቆጠር ከተባለ እሷ ትበልጠኛለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ወገቧን ያማታል፣ ጨጓራዋ ይነሳባታል፣ ዓይኗን ሞራ ተገፋለች። የመድኃኒቷ ፌስታል ከኔ የመፍቻ ሳጥን አያንስም። እኔ ራስ ምታት እንኳ አላውቅም። ጓደኞቼም አንዳች አሟቸው አያውቅም ነበር፤ አንድ ቀን ድንገት ወደቁ እንጂ። ሴቶቹን ያማቸዋል፣ የምንሞተው እኛ ነን። ይኼን ክፍፍል ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ብቻ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

ሴቶቹ ሐኪም ቤት መግባት የለመዱት በወሊድ ነው። ከዚያ የልጅ ክትባት፣ ከዚያ የልጅ ትኩሳት፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ በሩን ቤታቸው አደረጉት። ነርሷን ስለ እናቷ ይጠይቋታል። ያልገባቸውን ደግመው ያስነግራሉ። እኛ ሐኪም ቤት የምናውቀው ብረት ጣታችንን ሲጨፈልቀው ብቻ ነው፤ ያኔም አስጠቅልለን ወደ ሥራ ነው። ሳይቆስል ሐኪም ቤት የሄደ ወንድ አግዳሚው ላይ ቢቀመጥ ሳምንት ሙሉ መሳቂያ ነበር የሚሆነው። አንዱ ጓደኛችን በዚህ ዓይነት ስንቀልድበት መሄዱን ተወው። ከሟቾቹ አንዱ እሱ ነው።

ጨዉ ደግሞ አለ። በጥገናው ክፍል፣ ከሰማይ በታች ያለው ሙቀት አልበቃ ብሎ ከብረቱ የሚወጣው ተጨምሮ፣ ላብ ከጫማችን ይፈስ ነበር። በርሜል ሙሉ ውሃ በጨው ተበጥብጦ በሩ ላይ ይቆማል፤ አለቃችን ሁላችንንም ቆሞ ያጠጣናል። ያልጠጣ ከሰዓት አይደርስም፣ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። እና ለመድነው። ጡረታ ከወጣን በኋላም በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ፣ ሎሚና አንድ እፍኝ ጨው አድርገን አግዳሚው ላይ እየተቀባበልን እንጠጣለን። ጥላ ሥር ተቀምጠን! ግንባራችን ላይ አንዲት ጠብታ ላብ ሳትኖር! ባለቤቴ ወጡን ጨው ቀንሳ ስታቀርብልኝ «እኔ የብረት ሰው ነኝ፣ ያለ ጨው አልቆምም» እላትና ከላይ እነሰንስበታለሁ። እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ራሱ ያናድደኛል፤ ጨው ሳትበላ ደህና የሆነች ሴት ዝምታ ነዋ።

አንድ ቀን የጤና ሰዎች መጥተው በጣቢያው ግቢ ድንኳን ተከሉ። ሴቶቹ ገና ሳይነጋ ተሰለፉ። ባለቤቴ እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ጓደኞቼ እያዩኝ ስለነበር እየቀለድኩ ሄድኩ። ነርሷ የሷን የደም ግፊት ለካችና «እማማ፣ የወጣት ነው እኮ!» አለቻት። ከዚያ የኔን ለካች። ፊቷ ቅጭም አለ። ጨርቁን ከክንዴ ፈታችና እንደገና ለካች።

«አባባ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይምጡ።»

«የኔ ልጅ፣ ይቺ መለኪያ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸችው መቼ ነው?» አልኳት።

ግራ ገባት። እኔ ደግሞ መድረኩን አገኘሁ። መለኪያ ሁሉ እንደሚደክም፣ በሌላ ትክክለኛ መለኪያ እየተመሳከረ መስተካከል እንዳለበት፣ ካልተስተካከለ ከፍ አድርጎ እንደሚያነብ አስረዳኋት። ሁለቱ ጓደኞቼ ተነስተው መጡ። አንደኛው፣ ባቡር ይነዳ የነበረው፣ መለኪያዋን ከእጇ ተቀብሎ በጣቱ መታ መታ አደረገና «ወላሂ ይቺ አልቆላታል» ብሎ ፈረደ። ሦስት የባቡር ሽማግሌዎች ሆነን አንዲት ልጅ አሸነፍን። ሕዝቡ ሳቀ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

«የኔንም በዚችው ነው የለካችው» አለችኝ።

«እንግዲያው ያንቺም ከፍ ብሎ ነው የተነበበው» አልኳት። ከአፌ እንደወጣ ነገሩ ገባኝ፤ የሷ ከተባለውም ይወርዳል ማለት ነው። የባሰ ቀናሁ።

ከዚያ ቀን ወር ያህል ቆይቶ ግራ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ የጣቶቼ ጫፍ ላይ ነበር። በጎኔ ተኝቼበት ነው አልኩ። ቀጥሎ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፤ ክፍት ትቼው «ሙቀት ነው» አልኩ። አንድ ጊዜ ብርጭቆ አመለጠኝ፤ ብርጭቆውን ሰደብኩት። ፈርቼ ነበር። ጓደኞቼ የወደቁት እንዲህ ጀምሯቸው እንደሆነ አላውቅም፤ እንደኔው ደብቀው ይሆናላ። ለባለቤቴ ልንገራት ብዬ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ግን ከዚያ ሐዲድ እየሳቀች ስትመጣ ሳያት፣ አልነግርሽም፣ ደስ አይበልሽ እላለሁ በሆዴ። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ነበርኩ፤ ምን ልደብቅ።

ሌላም የሚያበግነኝ ነገር ነበረ። ከመንገድ ሲመለሱ አምስቱም ከአንደኛዋ ባልቴት ቤት ገብተው በሩን ይዘጉታል። አንድ ሰዓት ሙሉ! ውስጥ ጉድ ጉድ ይላል፤ ያቃስታሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። ስፖርት ነው ትለኛለች። ምን ዓይነት ስፖርት ነው በር ተዘግቶ የሚሠራ? በዚያ ላይ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻዋን ሰመራ ሄዳለች። ልጃችን እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ለጉልበቷ የአጥንት ሐኪም አግኝታላታለች። ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ወዝቶ፣ ትከሻዋ ቀና ብሎ ነው። እኔ ከአግዳሚው ስነሳ ግን ዛፏን መደገፍ ጀምሬያለሁ።

ሦስተኛውን ጉዞ ስትነግረኝ «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

ደነገጠች። «አንተ? ምን ልታደርግ?»

«ልጄን ላይ ነዋ! ልጅ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ?»

ውሸቴን ነው፤ ልጄንማ በየበዓሉ አያታለሁ። መሄድ የፈለግኩት እዚያ ሄዳ ምን እንደምትሆን ለማየት ነው። ሐኪሙ ምን እያለ እንደሚያድሳት ማወቅ ፈልጌያለሁ።

ሚኒባሷ በማለዳ ተነሳች። ገዋኔን ስናልፍ ሙቀቱ በመስኮት ይገርፈን ጀመር። ሎሚና ጨው ያለበትን ጠርሙሴን ሳወጣ ባለቤቴ ምንም ሳትል የራሷን ውሃ አቀበለችኝ። አልተቀበልኳትም። ሚሌ ላይ ምሳ ቆምን። ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከፈተና ክንዴን ያዘኝ፤ «ቀስ ይበሉ አባቴ፣ ቀስ» አለኝ። ለሷ እጁን አልዘረጋም፤ ምክንያቱም ከኋላዬ ዘልላ ወርዳ ነበር። ወርዳም አልቀረች፣ ከሬስቶራንቱ ግድግዳ ተደግፋ ጉልበቷን ታፍታታለች። ተሳፋሪው ሁሉ ያያታል። አንዷ ሴት «ማሻአላህ፣ እናታችን ጠንካራ ናቸው» አለች። ስለኔ የተናገረ የለም።

በማግስቱ ከልጃችን ጋር በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። የሰመራ ፀሐይ ገና በሦስት ሰዓት ዓይን አያስገልጥም። ከሐኪሟ በር ላይ ስንደርስ ልጄ «አባዬ፣ አንተ እዚህ አረፍ በል፣ እኛ እንግባ» አለችኝ። ዓይኗን ሰበረች። እናትየዋም ነጠላዋን ታስተካክላለች። አሃ፣ አንድ የሚደብቁኝ ነገር አለ አልኩ።

«እኔም እገባለሁ» ብዬ ቀድሜያቸው ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ባለቤቴን ስታይ ተነስታ ሳመቻት። «እማማ፣ እንዴት ነው ልምምዱ? ሕመሙስ?»

«ሕመሙን ተይው የኔ ልጅ፤ እሱ አብሮኝ ያረጃል» አለች ባለቤቴ። «ማገላበጡ ተሳክቶልኛል። ሃምሳ ኪሎ ዱቄት ከአልጋ ላይ ወዲህም ወዲያም ማዞር ችያለሁ። ቀና አድርጎ ማስቀመጡ ላይ ነው ወገቤ የሚከዳኝ።»

«የምን ዱቄት ነው የምታገላብጪው?» አልኩ እኔ።

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ሐኪሟ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችና «ባለቤትዎ እሳቸው ናቸው?» አለቻት። አስተያየቷ ገባኝ፤ ኪሎዬን ነው የገመተችው።

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። አርባ አራት ዓመት ስንኖር እንዲያ ተቆጥታ አላየኋትም።

«አንተን ነው የማገላብጠው! አንተን! ስትወድቅ ማን ሊያነሳህ ነው? ልክ እንደ ጓደኞችህ አልታከምም አልክ። መለኪያው ነው የተበላሸው አልክ፤ ሕዝብ አሳቅህብኝ። ለምኜህ እምቢ አልክ፣ አልቅሼ እምቢ አልክ። እምቢ ካልክ ለኔ የሚቀረኝ ምንድነው? ጉልበቴን ማጠንከር ነው!»

«ማን ነው እወድቃለሁ ያለሽ?»

«የነሱስ ባሎች እንወድቃለን ብለው ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። በሯን ዘግተው የሚገቡባት ባልቴት ባሏን ስምንት ወር ብቻዋን አገላብጣለች፤ ወገቧ ያኔ ተሰብሮ ዛሬም ተዘርግታ አትተኛም። ሌላኛዋ ማገላበጥ አቅቷት የባሏ ጀርባ ቆሰለ፣ በቁስሉ ሞተ። ሐዲዱ ላይ ስትሄድ አሁንም ድንገት ቆማ የምታለቅስ እሷ ናት። «እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ። አንቺ ገና ጊዜ አለሽ አሉኝ። በመጀመሪያዋ ሴትዮ አልጋ ላይ፣ ባሏ በሞተበት አልጋ ላይ፣ ዱቄት አስተኝተው ያለማምዱኛል። መጀመሪያ አልቅሰን ነበር፣ በኋላ ሳቃችን መጣ። ምን እናድርግ?»

እኔ ስቀናበት የከረምኩት ጤና ለኔው ሲጠራቀም ነው የከረመው። በዚያች ቅጽበት እንኳ ተመስገን ማለት አልመጣልኝም፤ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ገና ሳልወድቅ ወድቀሃል ተብዬ ተለምዶብኛል!

«ሰው መቅጠር ይቻላል» አልኩ፣ የምለው ጠፍቶኝ።

«ሌላ ሰው እንዲነካህ አልፈልግም» አለች። ይኼን ያለችው ልጃችንና ሐኪሟ ፊት ነው። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሳች። «እማማ፣ ወገብዎ የሚከዳዎት አያያዙ ልክ ስላልሆነ ይሆናል። አባባ፣ ካላስቸገርኩዎ እስቲ እዚህ አልጋ ላይ ይተኙልን። ላሳያቸው።»

እምቢ ልል ነበር። ግን እግሬ ራሱ ሄደ። ጫማዬን ልጄ አወለቀችልኝ። በጀርባዬ ተጋደምኩ፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይዞራል።

«የወደቀ ሰው ይሁኑልን» አለችኝ ሐኪሟ። «ሰውነትዎን ልቅቅ ያድርጉት፤ እንዳያግዟቸው።»

ባለቤቴ ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አኖረች። አንድ ጉልበቴን አጠፈችው። አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ፣ አንድ እጇን ዳሌዬ ላይ አደረገችና፣ እኔ ዘጠና ኪሎው ሰውዬ፣ ሳልከብዳት ወደሷ ዞርኩ። አላመመኝም። ግንባሬ ሆዷ ላይ አረፈ። የልብሷ ሽታ የቤታችን ሳሙና ነው። ትራሱን ከጀርባዬ ሸጎጠች፣ ከጉልበቶቼ መሃል አንድ ጨርቅ አጣጥፋ አገባች፣ የተጨማደደውን ሸሚዜን ከሥሬ ስባ አቃናች፤ ጀርባዬ እንዳይቆስል ነው። ሁሉንም ታውቀዋለች።

ሙቀት ነው ብለን አልጋ ከለየን ስንት ዓመታችን ነው? መች ነበር እንዲህ የነካችኝ? እንዲህ የሚያዘው ያ ወደፊት የሚወድቀው ሰውዬ ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ በነዚህ እጆች። በዚያ ሰውዬ ቀናሁ። እኔው መሆኔን እያወቅኩ ቀናሁበት።

«ጎበዝ» አለች ሐኪሟ። «አሁን ቀና አድርገን እናስቀምጣቸው። የሚያግዙት በእጃቸው ነው፤ እርስዎ እጃቸውን ይያዙ፣ እሳቸው ይጨብጡዎት።»

ባለቤቴ ለሷ የቀረባትን እጄን ያዘች፤ ግራዬን። እግሯን አንፈራጣ፣ ጉልበቷን ዝቅ አድርጋ ተዘጋጀች።

«ጨብጠኝ» አለችኝ።

ጨበጥኳት።

ጠበቀች። «ጨብጠኝ እንጂ!»

«ይኸው ጨብጬሻለሁ» አልኳት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ባለቤቴ ቁልቁል እጄን አየችው፤ እኔም አየሁት፤ ጣቶቼ መዳፏ ላይ ተዘርግተዋል። አልጮኸችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና አምስቱንም ጣቶቼን አንድ በአንድ በእጇ ላይ አጠፈቻቸው፤ እንዳይዘረጉም በሌላው እጇ ሸፈነቻቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት።